ስልኩን የሚያነሣው ሰው፦ በጎጃም የቀጥታ የስልክ ውይይት ስለማቅረብ

ሬዲዮ ላይ መሥራት የሚመኙ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ ድምፅ ነው። «ድምፄ ለሬዲዮ ይሆናል? እንዴት ላሠልጥነው?» ይሉኛል። እኔ ወሬውን ወደ ስልኩ እመልሰዋለሁ። በቀጥታ የስልክ ውይይት ላይ አድማጩን ሬዲዮው ሥር የሚያስቀምጠው ደዋዩ ነው፤ «ይሄስ የእኔው ጉዳይ ነው» የሚያሰኘው ሰው። የአቅራቢዋ ሥራ ያ ሰው የልቡን እንዲናገር ማገዝ፣ ተናግሮ ሲያበቃም በሰላም ወደ ኑሮው እንዲመለስ መጠንቀቅ ነው። የኋለኛው ከፊተኛው ይከብዳል። አዲስ አበባ ሆኖ የሚደውል ሰው «ስሜ ይቆየኝ» ካለ ተሰወረ። ከቢቸና ወይም ከሞጣ የሚደውል ሰው ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት ጎጥ እንደሚኖር፣ ከማን ጋር በድንበር እንደሚካሰስ የሚያውቅ ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቶ ተቀምጧል። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለዚህ ነው። እኛ አገር ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ከመጀመሪያው ቀን ሊያውቀው ይገባል።

ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው። ቤታችን የነበረው ሬዲዮ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም አባቴ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ለማታው ዜና ትንሽ ይበረታል። ዜናው እንዳለቀ ወዲያው ይዘጋል። ያን ጊዜ አድማጭ ሐሳቡን ለሬዲዮ የሚያደርሰው በፖስታ ነበር፤ የዘፈን ምርጫ የላከ ሰው ስሙ እስኪነበብለት ብዙ ይጠብቃል። ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ቢሆንም ወደ እኛ ወረዳዎች እስኪዘልቅ ዓመታት ፈጅቷል። ከዘለቀ በኋላ ግን አንድ ገበሬ ማሳው ዳር ቆሞ የወረዳ ኃላፊን ሬዲዮ ላይ መጠየቅ ቻለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን የሰማሁ ዕለት አባቴ ሬዲዮውን ከዜናው በኋላም አልዘጋውም። እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ያ ነው።

የገባሁት ብዙዎቻችን በገባንበት በር፣ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ነው። ከዚያ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ተማርሁ፤ ተመርቄም ኤፍ ኤም ጣቢያ ተቀጠርሁ። መጀመሪያ የተመደብሁት ስልክ መቀበያ ክፍል ነበር። አዲስ ተቀጣሪዎች ይህን ምድብ አይወዱትም፣ ስማቸው አየር ላይ አይጠራበትምና። እኔ ግን አቅራቢ መሆን የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ እላለሁ። ፕሮግራሙ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያ ነው።

ከሰላምታ ልጀምር። በሥልጠና ላይ የሚነገረን «ሰላምታ ይጠር፣ የአየር ሰዓት ውድ ነው» የሚል ነው። የእኛ አገር ሰው ግን ሰላምታው ሲቆረጥበት ቅር ይለዋል። «እንደምን ዋላችሁ፣ ጤናችሁ እንዴት ነው፣ ሥራው እንዴት ይዟችኋል» ብሎ ሲጀምር «ወደ ጥያቄዎ ይግቡልን» የተባለ አባት ከዚያ በኋላ የሚናገረው ቶሎ ለመጨረስ ብቻ ነው። መላው ሰላምታውን ከአየር ውጪ መጨረስ ነው። ስልክ ተቀባዩ ሳይቸኩል ሰላም ይለዋል፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው ይጠይቀዋል፣ ይመራረቃሉ። አየር ላይ ሲገናኝ ሰውየው ዘና ብሏልና ራሱ አሳጥሮ ወደ ጉዳዩ ይገባል።

ቀጥሎ የሚጠየቁት ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ አንዳቸውም ግን መታለፍ የለባቸውም። ከየት ወረዳ ነው? ስለ ምን? ያሉት ነገር በዓይንዎ ያዩት ነው ወይስ የሰሙት? የሰው ስም ይጠራሉ? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ተይዟል? መልሱ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ተጽፎ በመስታወቱ በኩል ለእኔ ይመጣል። ወረቀቷ ላይ ቀበሌና ጎጥ እንዲጻፍ አልፈልግም፤ የተጻፈ ነገር አፍ ላይ ይመጣል። ወረዳው ይበቃል። ከዚያ ስልኩ ይዘጋና ተራው ሲደርስ እኛው እንደውልለታለን፣ ተራ ሲጠብቅ ካርዱ እንዳያልቅበት። ለጣቢያው ወጪ ነው፤ አለቆች ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ። ግን ደዋዩ በራሱ ካርድ እንዲጠብቅ ካደረጋችሁ የሚደውልላችሁ ካርድ ያለው ሰው ብቻ ይሆናል፤ የገጠሯ እናት ትቀራለች።

«የሬዲዮዎን ድምፅ ይቀንሱልን» የምንለው ለወግ አይደለም። ከሬዲዮው የሚወጣው ድምፅ በስልኩ ተመልሶ ሲገባ ያፏጫል፣ ያስተጋባል፤ ድምፁን በጥቂት ሰከንዶች አዘግይቶ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ያለው ጣቢያ ከሆነ ደግሞ ደዋዩ የራሱን ያለፈ ቃል እየሰማ ይደናበራል። የገጠር ደዋይ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቷል፤ ሬዲዮው ጎረቤት ቤት ነው ያለው፣ ሰዎችም ተሰብስበው እየሰሙት ነው። እሱ የሚሰማው ነፋስና የእኔን ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእሱ በፊት የተናገረውን ሰው ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሬ አስገባዋለሁ፤ አለዚያ የተባለውን ይደግማል፣ የሰፈሩ ሰው ፊትም ያፍራል።

ማን እንደማይደውልም ማወቅ ያስፈልጋል። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው፣ ተራራ አይዘልም። ጮቄ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ከአንዱ ወገን የተተከለ ማሠራጫ ከወዲያኛው ወገን ላለው ሰው እንኳን ጥርት ብሎ ሊሰማ ጭራሽ ላይሰማ ይችላል። የዓባይ በረሃም እንዲሁ። ስለዚህ «የጎጃም ሕዝብ እንዲህ ይላል» ብዬ ፕሮግራም ዘግቼ አላውቅም። የደወሉት ሞገዱ የደረሳቸው፣ ኔትወርክ ያላቸውና በዚያ ሰዓት ሥራ ያልያዛቸው ናቸው። በአጨዳ ወቅት የቀኑ ስልክ ከከተማ ብቻ ይሆናል። ከአዊ የሚደውሉ ደግሞ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው፤ ቃል ሲፈልጉ እየቀደሙ መሙላት ነውር ነው፣ ጊዜ ስጧቸው።

አሁን ስለ አንድ ፕሮግራም ላውራችሁ፣ የአጠያየቅን ነገር ከሁሉም በላይ የሚያሳየው እሱ ስለሆነ።

ወሩ ግንቦት ነው፣ ርዕሱ አሲዳማ አፈር። የስናን፣ የማቻከል፣ የጎዛምን ገበሬ ይህን ችግር ያውቀዋል። ዝናቡ ለዘመናት አፈሩን እያጠበ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ወስዶታል፤ የአፈሩ አሲዳማነት የሚለካበት ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ሥሩን ያቀጭጨዋል፣ የተጨመረው ማዳበሪያ ፎስፈረሱ እዚያው አፈር ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ገብሱ ገና ሳያሸት ቢጫ ይሆናል። መፍትሔው ኖራ ነው። ኖራ ግን ዘር ከመዘራቱ አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት፣ ለአንድ ሄክታር የሚፈልገውም ብዙ ኩንታል ነው። ስቱዲዮ የጋበዝነው ባለሙያ ይህን ሁሉ አሳምሮ አብራራ። በስልክ የገቡ ኃላፊም ለአካባቢው የተመደበው ኖራ ሙሉ በሙሉ መሠራጨቱን ተናገሩ።

ከስናን አንድ አባት ገቡ። «ልጄ፣ ባለሙያው ያለው እውነት ነው። እኛ ግን ኖራ አላገኘንም» አሉ። እዚህ ላይ ብዙ አቅራቢ የሚያደርገው ሁለቱን ማጋጠም ነው፤ «ኃላፊው ተሠራጭቷል ብለዋል፣ እርስዎ አላገኘንም ይላሉ፣ ማንን እንመን?» ይላል። ሰውየውን ውሸታም ነህ እንደማለት ነው። እኔ የጠየቅኋቸው ሌላ ነው።

«አባቴ፣ ኖራው ወደ እናንተ አካባቢ ጭራሽ አልመጣም?»

«መጥቷል። መኪና መንገድ ዳር አራግፎታል።»

«ከዚያ እርስዎ ማሳ ድረስ ምን ያህል ይርቃል?»

«በአህያ ግማሽ ቀን ነው። አህያ ደግሞ ስንት ትጭናለች? ለእኔ ማሳ የሚበቃውን ላመላልስ ብል ዘሩ ያልፈኛል።»

ባለሙያው ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ማስታወሻ መያዝ ጀመረ። ኃላፊውም አልዋሹም፣ አባትየውም አልዋሹም፤ ለአንዱ «ተሠራጨ» ማለት መንገድ ዳር መድረስ ነው፣ ለሌላው ማሳ መድረስ። ቀጥሎ ከማቻከል የገቡት ሰው ይህንኑ ደገሙ፣ ውይይቱም ከኖራ ጥቅም ወደ ማጓጓዣው ዞረ፦ ጎረቤታሞች ተባብረው ቢጭኑስ፣ በጥር በየካቲት መንገዱ ሳይጨቀይ ቢራገፍስ፣ ማራገፊያው አንድ ቦታ ከሚሆን በየጎጡ ቢከፋፈልስ። ስሜት አትጠይቁ። «ምን ተሰማዎት?» የሚለው ጥያቄ እኛ አገር «ምን ይሰማኛል፣ ተመስገን ነው» ከሚል መልስ አያልፍም። ቦታ ጠይቁ፣ ቀን ጠይቁ፣ ርቀት ጠይቁ። በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ሰው ጋ መልሳችሁ ደውሉ። እኒያን አባት መልሰን ስንደውልላቸው «አልረሳችሁኝም?» ነበር ያሉን፤ ከዚያ ወዲያ ከዚያ አካባቢ የሚመጣው ስልክ በዛ። ለእርሻ ምክር ብቻ የሚደውለውን ሰው ደግሞ ወደ 8028 የነጻ መስመር መምራት ይቻላል፤ ለሱ የአየር ሰዓት አያስፈልገውም።

ሌላው ፕሮግራም የማታ ነበር፣ ስለ ባልና ሚስት ንብረት። አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ገባች። ስለ ሌላ ሰው የምታወራ መስላ ጀመረችና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «እኔን እንኳ» አለች። ከዚያ ስለምትኖርበት ቤት ስታወራ የወፍጮ ቤት አጠገብ መሆኑን ጠቀሰች። እጄ የድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ላይ ነበር፣ የስልኩን ድምፅ የሚቀንሰውን ፌደር ቀስ ብዬ አወረድሁት። «አመሰግናለሁ እህቴ፣ ሐሳብሽን ተቀብያለሁ» ብዬ የጨረሰች አስመስዬ ወደ ሌላ ደዋይ አለፍሁ። ዘፈን አላስገባሁም፤ ድንገት ዘፈን ከተለቀቀ ሰው ሁሉ «ምን ሆነች? ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል። «ከእህታችን ጋር ከአየር ውጪ እንነጋገራለን» ማለትም ያው ነው፣ ጣት መቀሰር ነው። አድማጩ ተራ አስተያየት ሰምቶ ያለፈ እንዲመስለው ማድረግ ነው የሚሻለው።

መስመሩ ግን አልተዘጋም። ስልክ ተቀባይዋ ባልደረባዬ መጀመሪያ የጠየቀቻት «አሁን አጠገብሽ ሰው አለ?» ብላ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ «መልሰን ብንደውልልሽ ስልኩን የምታነሺው አንቺ ነሽ?» የሚል ነበር። ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፦ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዛ ለደወለች ሴት እሷ ያልፈቀደችበት ሰዓት ላይ ፈጽሞ አትደውሉ። ብዙ ቤት ስልኩ የሁለቱም ነው፣ የሬዲዮ ጣቢያ ቁጥርም ይታወቃል። ጽሑፍ መልእክትም አትላኩ። የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የት እንዳለ፣ በሆስፒታል ጥቃት ለደረሰባቸው በአንድ ማዕከል የሚሰጥ አገልግሎት መኖሩን፣ ክፉ ነገር ከመጣ የፖሊስ ቁጥር 991 መሆኑን በቃል ነገረቻት። በጽሑፍ ምንም አልተላከም። የተቀዳውን ፕሮግራም በድጋሚ ከማስተላለፋችን በፊትም የእሷን ክፍል ቆርጠን አወጣነው። ብዙ ጣቢያ ይህ የድጋሚ ነገር ይረሳል፤ በቀጥታው ያመለጠው ሰው በድጋሚው ይሰማል።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ያሉበት አገር ሰው የቆሎ ተማሪ ባይሆንም ነገር መጠቅለል ያውቃል። ደዋዩ አንድን ሰው ያመሰግናል፣ ይመርቃል፣ እኔም «እናመሰግናለን» ብዬ እሸኘዋለሁ፤ በወረዳው ያለ ሰው ግን ሰውየው ምን እንደተባለ ገብቶት ይስቃል። ለዚህ ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛው ስልክ መቀበያ ክፍል ውስጥ ከተለያየ ወረዳ የመጡ ሰዎች እንዲኖሩ ማድረግ ነው፤ የአገሩን ነገር የአገሩ ሰው ይሰማዋል። ሁለተኛው ከጠረጠራችሁ በአክብሮት መጠየቅ ነው፦ «ጋሼ፣ ይህን ለሌላ አካባቢ አድማጭ ቢያብራሩልን?»። እንዲያብራራ የተጠየቀ ሰው ወይ ቅሬታውን በግልጽ ይናገራል፣ ያ መልካም ነው፣ ወይ «እንዲያው ለጨዋታ ነው» ብሎ ይተወዋል። ደዋይን አየር ላይ መቆጣት ግን አይገባም፤ የሰማ ሁሉ ከዚያ ወዲያ አይደውልም።

የግለሰብ ስም በክፉ እንዲነሣ አልፈቅድም፣ በሹመቱ የሚጠየቅ ሰው ሲሆን ደግሞ በሥልጣን ስሙ እንጂ በአባቱ ስም እንዲጠራ አልፈልግም። ምላሽ የሚሰጥበትም ሰዓት ይመቻችለታል። የርስት ክርክር ከሁሉ ያስቸግራል፤ ደዋዩ ሬዲዮውን እንደ ችሎት ያየዋል፣ ተከራካሪው ደግሞ እየሰማ ነው። «ፍርድ ቤት የያዘውን እኛ አንፈርድም፤ ይግባኝ እንዴት እንደሚባል ግን ባለሙያ እንጠይቅልዎታለን» እላለሁ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን እና የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ራሳችሁ አንብቧቸው፣ ሰው ሲያወራ ሰምታችሁ አትተዉት። «ደዋዩ ነው የተናገረው» ብላችሁ እንደምታመልጡ አድርጋችሁ አትቀመጡ፤ መስመሩን የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት በቴሌግራምና በፌስቡክ ይመጣ የነበረው አስተያየት ሁሉ ቆመ። መንገድ በሚዘጋበት፣ ሰው ከሰው በሚጠፋፋበት ጊዜ የሚደውል ሰው የሚጠይቀው «የእገሌ አገር ደህና ነው?» ብሎ ነው። ያላረጋገጥሁትን አንድም ነገር አልመልስም ነበር። «አላረጋገጥንም» የሚለው ቃል ለሚጨነቅ ሰው ቀዝቃዛ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን በእኔ ቃል ተማምኖ መንገድ የሚወጣ ሰው ነበር።

ስለ ኑሮው በአጭሩ። በመንግሥት ጣቢያ ደመወዝተኛ ትሆናላችሁ፤ በግል ጣቢያ ብዙ ጊዜ የአየር ሰዓት ገዝታችሁ ስፖንሰር ፈልጋችሁ የምትሠሩ ተባባሪ አዘጋጅ ናችሁ። ከስፖንሰር ጋር ስትዋዋሉ በርዕስና በደዋይ ምርጫ እንደማይገባ በጽሑፍ ይስፈር። በዓል የሰው ነው፣ እናንተ ስቱዲዮ ናችሁ። የማታ ፕሮግራም ካላችሁ ከጣቢያው እስከ ቤት የምትሄዱበትን ነገር ከመፈረማችሁ በፊት ተነጋገሩበት፤ ለሴት አቅራቢ ይህ ከደመወዙ እኩል የሚመዘን ጉዳይ ነው። ገበያ ስትወጡ በድምፃችሁ ታወቃላችሁ፤ ሽንኩርት እየመረጣችሁ የእርሻ ካሣ ጉዳይ ይነገራችኋል። አዳምጡ፣ ግን «እኔ አስፈጽምልሃለሁ» አትበሉ። ጉዳዩ አየር ላይ የዋለለት ሰው ማር ይዞ ወደ ጣቢያው በር ይመጣል፤ ምስጋናውን ተቀብላችሁ ማሩን መልሱለት። ከባድ ነው፣ ስጦታ መመለስ እኛ ዘንድ ማስቀየም ነውና፤ «ብቀበልዎ ነገ ለሌላው ስናገር አይታመነኝም» ሲባሉ ግን ትላልቅ ሰዎች ይረዳሉ፣ እንዲያውም ይመርቃሉ።

ስለ ድምፅ ለጠየቃችሁኝም ያልመለስሁላችሁ እንዳይመስል፦ ከአየር በፊት ለብ ያለ ውኃ ጠጡ፣ ወተትና የሚያቃጥል ወጥ ለኋላ አቆዩ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ በአገራችሁ ቅላፄ አትፈሩ። ከዚያ ይልቅ አንድ ፕሮግራማችሁን ቅዱና ሰዓት ይዛችሁ አዳምጡት፤ እናንተ ስንት ደቂቃ ተናገራችሁ፣ ደዋዮቹስ ስንት? ከግማሽ በላይ የተናገራችሁት እናንተ ከሆናችሁ የሚቀነስ አለ። ለቅጥር ፈተና ስትጠሩም ብዙ ጊዜ የዜና ወረቀት ሰጥተው ያስነብቧችኋል። አንብባችሁ ስትጨርሱ «አንድ ስልክም ልቀበል» ብላችሁ ጠይቁ።